ሮንዴላው የት ነው? በመሽከርከር ስለሚፈጠሩ ጠጣር ምስሎች ይዘት ለጠየቀች ተማሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «የተከበሩ መምህር፣ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የካልኩለስ ትምህርቴን እስከ ኢንቲግራል ድረስ በጥሩ ውጤት ይዤው መጥቻለሁ። በቅርቡ በወሰድነው ፈተና ግን አንድን ክልል በአንድ መስመር ዙሪያ በማሽከርከር የሚገኙ ጠጣር ምስሎችን ይዘት የሚጠይቁትን ሦስቱንም ጥያቄዎች ተሳሳትኩ። የዲስኩን፣ የዋሸሩንና የሼሉን ቀመሮች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ የትኛውን መቼ እንደምጠቀም ግን ግራ ይገባኛል። ዋይ = ኤክስ እና ዋይ = ኤክስ² በሚያዋስኑት ክልል ላይ፣ ክልሉ በኤክስ አክሲስ ዙሪያ ሲሽከረከር ይዘቱን ፓይ/30 ብዬ መለስኩ፤ ትክክለኛው መልስ 2ፓይ/15 ነው ተባልኩ። ማሽከርከሪያው ዋይ = −1 በሆነበት ጥያቄ ላይ ከየት እንደምጀምር እንኳ አላወቅሁም። የማጠቃለያ ፈተናችን ቀርቧል። እንዴት ላጥና? ደግሞስ ይህ ነገር ለአንድ መሐንዲስ ምን ይጠቅመዋል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፓይ/30 ልንገርሽ። ያ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የሠራሽበትን ወረቀት ባላይም ከቁጥሩ ብቻ ምን እንዳደረግሽ ማወቅ ይቻላል። ከላይኛው መስመር የታችኛውን ቀንሰሽ ኤክስ − ኤክስ² አገኘሽ፤ ልዩነቱን ስኩዌር አደረግሽ፤ በፓይ አብዝተሽ ከ0 እስከ 1 ኢንቲግሬት አደረግሽ። በዚህ መንገድ ሲሠራ 1/3 − 1/2 + 1/5 ይመጣና ውጤቱ 1/30 ይሆናል። ስሌቱ አንዳችም እንከን የለበትም፤ ነገር ግን የለካሽው የተጠየቅሽውን አካል ሳይሆን ሌላ አካል ነው። ይህን ስል ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ስሕተቱ ያለበትን ቦታ በትክክል ካየነው የቀሩት ሁለት ጥያቄዎችሽም ከእርሱ ጋር አብረው ይፈታሉና ነው።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ሁለቱ መስመሮች ኤክስ 0 ሲሆንና 1 ሲሆን ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ጠባብ ቅጠል የሚመስል ክልል አለ። ኤክስ 0.5 በሆነበት ቦታ ቀጥ ያለ ቀጭን ቁራጭ ሳዪ። የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ከኤክስ አክሲስ 0.5 ይርቃል፤ የታችኛው ጫፍ 0.25 ይርቃል። ስለዚህ ቁራጩ አክሲሱን አይነካውም፤ ከእርሱ ከፍ ብሎ ተንሳፍፎ የቆመ ነው። አሁን ይህን ቁራጭ ብቻ፣ የቀረውን ክልል ረስተሽ፣ በአክሲሱ ዙሪያ አንድ ሙሉ ዙር አዙሪው። የሚወጣው መሐሉ የተበሳ ክብ ነው። የውጭው ራዲየስ 0.5፣ የቀዳዳው ራዲየስ 0.25 ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ የትልቁ ክብ ስፋት ሲቀነስ የቀዳዳው ስፋት፣ ማለትም ፓይ × (0.25 − 0.0625) = 0.1875ፓይ ይሆናል። አንቺ ግን በዚሁ ቦታ ላይ የወሰድሽው የ0.25ን ስኩዌር፣ ማለትም 0.0625ፓይን ነው። ይህ ራዲየሱ 0.25 የሆነ፣ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ክብ ነው። በሌላ አነጋገር ተንሳፍፎ የነበረውን ቁራጭ ወደ ታች ጎትተሽ አክሲሱ ላይ ካስቀመጥሽው በኋላ ነው ያዞርሽው። እያንዳንዱን ቁራጭ እንዲህ ስላወረድሽ በመጨረሻ ያገኘሽው ይዘት ከትክክለኛው አንድ አራተኛ ሆኖ ቀረ።

«ዋሸር» የሚለውን ቃል ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የምንከታተል ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀመር ስም ብቻ ይዘነው እንቀራለን። ወደ ማንኛውም ጋራዥ ወይም የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ብትሄጂ ግን ይህ ዕቃ በስሙ አለ፤ ሮንዴላ ይባላል። ብሎን ሲታሰር ከዳዱ በታች የሚገባው መሐሉ የተበሳ ስስ ብረት ነው። አንድ ሮንዴላ ገዝተሽ ጠረጴዛሽ ላይ እንድታስቀምጪ እመክርሻለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የሮንዴላውን የብረት ስፋት ለማግኘት ከትልቁ ክብ ትንሹን ክብ ትቀንሻለሽ እንጂ ከውጭው ራዲየስ የውስጡን ራዲየስ ቀንሰሽ በልዩነቱ ሌላ ክብ አትሠሪም። ዕቃውን በጣቷ የያዘች ሰው ይህን አትሳሳትም። ዲስክ የሚባለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ቁራጩ አክሲሱን ሲነካ ቀዳዳው ዜሮ ይሆናል፣ ሮንዴላውም ድፍን ይሆናል። ስለዚህ ከሦስቱ ቀመሮችሽ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ትክክለኛ አሠራር ፓይን በ(ኤክስ² − ኤክስ⁴) አብዝቶ ከ0 እስከ 1 መደመር ነው፤ 1/3 − 1/5 = 2/15፣ መልሱም 2ፓይ/15።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። የውጭውን ራዲየስ «ትልቁ»፣ የውስጡን «ትንሹ» ብንላቸው፣ የስኩዌሮቻቸው ልዩነት ከ(ትልቁ − ትንሹ) × (ትልቁ + ትንሹ) ጋር እኩል መሆኑን ከአልጀብራ ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያው ቅንፍ የቁራጩ ርዝመት ነው። ሁለተኛውን ቅንፍ ለሁለት ብታካፍዪው የቁራጩ መካከል ከዘንጉ፣ ማለትም ክልሉ ከሚሽከረከርበት መስመር፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግርሻል። ስለዚህ የሮንዴላው ስፋት የቁራጩ ርዝመት ሲባዛ የቁራጩ መካከል በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድ ነው። አንቺ በሠራሽው ውስጥ ግን ሁለተኛው ቅንፍ ጠፍቶ በቦታው የመጀመሪያው ተደግሟል። አሠራርሽ የቁራጩን ርዝመት ያውቃል፤ ከዘንጉ ያለውን ርቀት ግን አያውቅም። ይዘት ደግሞ ያለ ርቀት አይገኝም፤ ያው ቁራጭ ከዘንጉ በራቀ ቁጥር ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ የሚሞላው ቦታም ይበዛል።

ይህን ከያዝሽ ዋይ = −1 የሚለው ጥያቄ አያስፈራሽም። ክልሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘንጉ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ታች ወርዷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ርቀት በ1 ይጨምራል። የላይኛው ጫፍ ከአዲሱ ዘንግ ኤክስ + 1፣ የታችኛው ኤክስ² + 1 ይርቃል። የሁለቱን ስኩዌሮች ዘርዝረሽ ስትቀንሺ 2ኤክስ − ኤክስ² − ኤክስ⁴ ይቀራል፤ ከ0 እስከ 1 ሲደመር 1 − 1/3 − 1/5 = 7/15 ይሆናል፤ ይዘቱም 7ፓይ/15 ነው። በቀድሞው አሠራርሽ ብትሠሪው ግን ልዩነቱ (ኤክስ + 1) − (ኤክስ² + 1) ተመልሶ ያው ኤክስ − ኤክስ² ስለሚሆን መልስሽ አሁንም ፓይ/30 ይሆን ነበር። ዘንጉን አንድ ሺህ እርምጃ ብታርቂውም ፓይ/30 እንዳለ ይቀራል። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ መልሱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ አንድ ነገር እንደተሳሳተ ወዲያው ልታውቂ ይገባል። ዘንጉ ከላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ዋይ = 2 ሲሆን፣ ርቀቶቹ 2 − ኤክስ እና 2 − ኤክስ² ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ለዘንጉ የሚቀርበው የላይኛው መስመር ስለሆነ የቀዳዳውን ራዲየስ የሚሰጠው እርሱ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ «የላይኛው ምንጊዜም ትልቁ ነው» ብለው ስለሚሸመድዱ።

ሦስተኛው ቀመርሽ፣ ሼል የሚባለው፣ ቁራጩ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲቆም የሚመጣ ነው። ያንኑ ቅጠል የመሰለ ክልል፣ ያንኑ ቀጥ ያለ ቁራጭ ውሰጂና አሁን በዋይ አክሲስ ዙሪያ አዙሪው። የሚወጣው ሮንዴላ አይደለም፤ ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ነው። የዚህን ቱቦ ይዘት ለማወቅ ክዳኑና መቀመጫው የወጣለት የቆርቆሮ ጣሳ አስቢ። ጎኑን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቀድደሽ ብትዘረጊው አራት ማዕዘን ሉህ ይሆናል፤ የሉሁ ርዝመት የጣሳው ዙሪያ፣ ማለትም 2ፓይ ሲባዛ ከዘንጉ ያለው ርቀት ነው፤ ቁመቱ የቁራጩ ቁመት ነው፤ ውፍረቱ ደግሞ ያቺ ቀጭን ዲ ኤክስ ናት። በእኛ ክልል ርቀቱ ኤክስ፣ ቁመቱ ኤክስ − ኤክስ² ነው። ስለዚህ 2ፓይን በ(ኤክስ² − ኤክስ³) አብዝተን ከ0 እስከ 1 ስንደምር 2ፓይ × (1/3 − 1/4) = ፓይ/6 እናገኛለን። ልብ በዪ፤ እዚህም ያለው ርዝመት ሲባዛ የተጓዘው መንገድ ነው። ቀመሩ መልኩን ለወጠ እንጂ ሐሳቡ ቅድም ካየነው ከሮንዴላው አልተለየም።

ይህንኑ ይዘት በሮንዴላም ማግኘት ይቻላል። ያን ጊዜ ቁራጩን አግድም ትቆርጫለሽ፤ የግራ ጫፉ በቀጥታው መስመር ላይ ስለሚያርፍ ርቀቱ ዋይ ነው፤ የቀኝ ጫፉ በኤክስ² መስመር ላይ ስለሚያርፍ ርቀቱ የዋይ ስኩዌር ሩት ነው። የስኩዌሮቹ ልዩነት ዋይ − ዋይ² ይሆናል፤ 1/2 − 1/3 = 1/6፤ መልሱ እንደገና ፓይ/6። ሁለቱንም መንገድ በራስሽ እጅ ሠርተሽ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርሱ እንድታዪ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «የትኛውን ልጠቀም?» የሚለው ጭንቀት የሚለቅሽ ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን በራስሽ ስሌት ስታረጋግጪ ነው። ቁራጩ ለዘንጉ ቀጤ ነክ ሆኖ ሲቆም ሮንዴላ፣ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሲሆን ቱቦ ይወጣል። ምርጫው የአቆራረጥ ምርጫ ነው።

እንግዲያውስ አቆራረጡ በምን ይመረጣል? ሁለቱን የቁራጩን ጫፎች በቀላሉ መጻፍ የሚያስችለውን ምረጪ። ዋይ = ኤክስ − ኤክስ³ ከ0 እስከ 1 ከኤክስ አክሲስ ጋር የሚከበውን ክልል በዋይ አክሲስ ዙሪያ አዙሪ ብትባዪ፣ አግድም የቆረጥሽው ቁራጭ ሁለቱም ጫፎቹ በአንዱ ጎባጣ መስመር ላይ ያርፋሉ፤ እነርሱን ለማግኘት ኤክስ እስከ ሦስተኛ ርቢ ያለበትን እኩልታ መፍታት ይጠበቅብሻል። ቀጥ አድርገሽ ብትቆርጪ ግን ቁመቱ ከፊትሽ ተጽፎ አለ፤ 2ፓይ ሲባዛ (ኤክስ² − ኤክስ⁴) ኢንቲግራል፣ መልሱ 4ፓይ/15፣ ሥራው ሁለት መስመር። መምህራን ይህን መሰል ጥያቄ የሚያወጡት ተማሪው አቆራረጡን ይመርጥ እንደሆነ ለማየት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ዘንጉ ክልሉን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ፣ በአንዱ ወገን ያለው ቁራጭ ሲዞር በሌላው ወገን ያለውን ይደርበዋልና አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሪ።

መልስሽን ራስሽ የምትፈትሺበት መንገድም አለ፤ በፈተና ክፍል ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ፓፑስ ያስተዋለው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ጉልዲን የተባለው የሂሳብ ሊቅ እንደገና ያወጣው ሕግ አለ። የሚለው፣ ዘንጉ ክልሉን እስካላቋረጠ ድረስ፣ ይዘቱ የክልሉ ስፋት ሲባዛ የክልሉ ሴንትሮይድ (የስፋቱ የሚዛን ማዕከል) በአንድ ዙር የሚጓዘው መንገድ ነው። ቅድም ስለ አንድ ቁራጭ ያልነው ለመላው ክልል ሲነገር ማለት ነው። የእኛ ክልል ስፋት 1/6 ነው፤ ሴንትሮይዱ ከኤክስ አክሲስ 2/5 ከፍ ብሎ፣ ከዋይ አክሲስ ደግሞ 1/2 ርቆ ይገኛል። 2ፓይ × 2/5 × 1/6 = 2ፓይ/15። ዘንጉ ወደ −1 ሲወርድ ርቀቱ 7/5 ይሆናል፤ 2ፓይ × 7/5 × 1/6 = 7ፓይ/15። ዘንጉ ዋይ አክሲስ ሲሆን 2ፓይ × 1/2 × 1/6 = ፓይ/6። ሴንትሮይዱን በትክክል ባታውቂው እንኳ በዓይንሽ ገምተሽ መልስሽ በዚያ አካባቢ መሆኑን ማየት ትችያለሽ። ፓይ/30 ይህን ፈተና አያልፍም ነበር።

ይህ ለመሐንዲስ ምን ይጠቅማል ላልሽው፣ መልሱን ለማየት ቶርኖ ቤት ግቢ። ቶርኖ ላይ የታሰረ ብረት ሲሽከረከር መቁረጫው በጎኑ የሚነድፈው መስመር በወረቀትሽ ላይ ያለው ዋይ = እንዲህ የሚለው መስመር ነው። ዘንግ፣ ቡሽ፣ የፑሊ ጎማ፣ የቫልቭ ግንድ ሁሉ በመሽከርከር የተገኙ ጠጣር ምስሎች ናቸው። የሚሠራው ዕቃ ምን ያህል እንደሚመዝንና ስንት ብረት ተላጭቶ እንደሚጣል ለማወቅ ይዘቱን ማስላት ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 7.85 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የብረቱን እፍጋት ማባዛት ብቻ ይቀራል።

ደግሞም ይህ ትምህርት ራሱ ያደገው ከእንዲህ ዓይነት የገበያ ጉዳይ ጋር ነው። የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሕግ ያወጣው ዮሃንስ ኬፕለር በ1613 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገባ ለቤቱ የወይን ጠጅ በበርሜል ገዛ። ሻጩ የበርሜሉን ይዘት የለካው በመሐል ካለው ቀዳዳ አንድ ዘንግ አስገብቶ፣ በሰያፍ እስከ ጠርዙ ድረስ ሰድዶ፣ ዘንጉ ስንት እንደረጠበ በማየት ነበር። ኬፕለር ይህ አላረካውም፤ ረጅምና ቀጭን በርሜልም ሆነ አጭርና ወፍራም በርሜል አንድ ዓይነት የዘንግ ልክ ሊሰጡ ይችላሉና። በ1615 እ.ኤ.አ. በሊንዝ ከተማ ስለ ወይን በርሜሎች ይዘት መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡም የክብን ቁራጮች በተለያዩ መስመሮች ዙሪያ እያሽከረከረ ለሚወጡት ቅርጾች ፖም፣ ሎሚ እያለ ስም አወጣላቸው። ኒውተንና ላይብኒዝ ገና አልተወለዱም፤ እርሱ ግን አካላቱን ወደ ስስ ቁራጮች ከፋፍሎ ይደምር ነበር። በስሙ የሚጠራው የበርሜል ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ የታችኛውን ስፋት፣ የመካከለኛውን ስፋት አራት እጥፍና የላይኛውን ስፋት ደምረሽ በቁመቱ ታበዢና ለ6 ታካፍያለሽ።

ይህን በቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። እንስራ ካላችሁ አንገቱን ትተሽ ሆዱን ብቻ በሲባጎ ለኪው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያው ከመቀመጫው ላይ 50፣ በመካከሉ 100፣ ከአንገቱ ሥር 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የየቦታው ስፋት የዙሪያው ስኩዌር ሲካፈል ለ4ፓይ ስለሆነ 198.9፣ 795.8 እና 127.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መካከለኛውን በ4 አባዝተሽ ስትደምሪ 3509.4 ይሆናል፤ በ30 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 17,547 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ወደ 17.5 ሊትር ነው። የለካሽው ውጭውን ስለሆነ የሸክላውን ውፍረት መቀነስ አለብሽ፤ እርሱም ያው ከትልቁ አካል ትንሹን አካል መቀነስ ነው። ከዚያ ውኃ በሊትር መለኪያ እየቀዳሽ ሙዪውና ከስሌትሽ ጋር አስተያዪው። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ተማሪ ይዘት የቁራጮች ድምር መሆኑን ለሌላ ሰው ማስረዳት አያቅተውም።

ለፈተናው ስትዘጋጂ ብዙ ጥያቄ ከመሥራት ይልቅ ጥቂቶቹን ደጋግመሽ ሥሪ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ክልሉን ሳዪ፣ ዘንጉን በሌላ ቀለም አስምሪ፣ አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀምጪ፣ ከጫፎቹ እስከ ዘንጉ ያለውን ርቀት ከሥዕሉ ላይ ጻፊ። ኢንቲግራሉን ከዚያ በፊት አትጻፊ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ያለ ሥራ ይመስልሻል፤ ኢንቲግራሉን መሥራት እንደማያቅትሽ ራስሽ ነግረሽኛልና ጊዜሽን ሥዕሉ ላይ ብታጠፊው አትጎጂም።

አንድ ጥያቄ ልተውልሽ። ያንኑ ክልል፣ በዋይ = ኤክስ እና በዋይ = ኤክስ² መካከል ያለውን፣ ኤክስ = 2 በሆነው መስመር ዙሪያ አዙሪው። በቱቦ ሥሪው፣ በሮንዴላ ሥሪው፣ ከዚያም በፓፑስ ሕግ ፈትሺው። ሦስቱም ፓይ/2 ይሰጡሻል። አንዳቸው ሌላ ቁጥር ከሰጡሽ ሥዕሉን፣ ቁራጩንና የጻፍሽውን ርቀት ላኪልኝ፤ ስሕተቱን ከሥዕሉ ላይ አብረን እናገኘዋለን።